እንግሊዝኛ ለመማር ለንደን መሄድ ያዋጣል? የሄዳችሁ የወሎ ልጆች እስኪ እውነቱን ንገሩኝ

ሆጤ_ሰፈር | ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ የሥራው ነገር እንደምታውቁት ነው። ለንደን ያለው አጎቴ "ነይና አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ተማሪ፣ ግማሹን እኔ እችላለሁ" አለኝ። ግማሹ ከኛ ነው። እናቴ የሚቀጥለውን ዕጣ እንዲለቁላት እቁብተኛውን አንድ በአንድ እየለመነች ነው። እሷን ሳይ ሆዴ ይባባል።

ፒያሳ ቢሮ የከፈተ አንድ ኤጀንት ደግሞ "11 ወር ትማሪያለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ትሠሪያለሽ፣ የከፈልሽውን በ4 ወር ትመልሽዋለሽ" ብሎኛል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት፣ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ወረቀት ላይ አላፍርም። ባለፈው ግን አንድ ፈረንጅ መናፈሻ አካባቢ የሐይቅ መኪና ከየት እንደሚነሳ ጠየቀኝ። ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ ሳሰካካ ጊዜ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ በእጄ ጠቁሜ ገላገልኩት። እና እዛ ብሄድ አፌ ይፈታል? ወይስ የእናቴን እቁብ በልቼ በምልክት እያወራሁ እመለሳለሁ?

ኮምቦልቻ_03 | ሰኞ፣ ማታ 3:25

እህቴ፣ ሌላው ይቆይና መጀመሪያ የኤጀንቱን ነገር እንጨርስ። እንግሊዝ አገር ለእንግሊዝኛ ኮርስ ብቻ ከ6 እስከ 11 ወር የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ቪዛ አለ። በዚያ ቪዛ ሥራ ክልክል ነው። በደመወዝም ቢሆን፣ በነጻም ቢሆን፣ ሰሃን ማጠብም ቢሆን። አይራዘምም። "በሳምንት 20 ሰዓት" ሲባል የምትሰሚው ዲግሪና ከዚያ በላይ ለሚማር ሰው የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ነው፤ እሱ ገና ሳትሄጂ የቋንቋ ማስረጃ ይጠይቅሻል። ሰውየሽ ሁለቱን ደባልቆ ነው የሸጠልሽ።

ከየት አወቅህ ካልሽኝ፣ እኔም እንደዚሁ ተብዬ ነው የሄድኩት። ክልክል መሆኑ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ አንብቤው አልገባኝም ነበር። እንግሊዝኛ ልማር ስሄድ እንግሊዝኛ ባለመቻሌ ተበላሁ። ቤተሰብ ባይደርስልኝ በ3ኛው ወር ተመልሼ ነበር።

አፍ መፍታቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን አውቶብስ ላይ ወጥቼ 5 ፓውንድ ለሾፌሩ ዘረጋሁ። የለንደን አውቶብስ ከ2014 ጀምሮ (በነሱ አቆጣጠር) ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ ካርድ ማስነካት ነው። ሾፌሩ አንድ ነገር አለኝ። "ፓርደን" አልኩ፣ መጽሐፉ እንዳስተማረኝ። ደገመልኝ። ሦስተኛ ሲል ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው በረጅሙ መተንፈስ ጀመረ። ወርጄ 50 ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። ምን እንዳለኝ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው፦ "ታፕ ዮር ካርድ፣ ሜት።" አራት ቃል። አራቱንም አውቃቸው ነበር።

የሐይቅ_ዳር | ሰኞ፣ ማታ 4:10

ስለ ክፍሉ እኔ ልመስክር፣ 8 ወር ተምሬያለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ደረጃ መለያ ፈተና ሰጡን። ሰዋስዉን ከ40 38 አገኘሁ። ከዚያ አንዲት መምህርት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ "ስለ ከተማሽ ንገሪኝ" አለችኝ። ወላሂ፣ ሐይቅን ማውራት ለማን ይከብዳል? ጀልባው አለ፣ ዓሣው አለ፣ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። "ማይ ሲቲ ኢዝ ቢዩቲፉል" ብዬ ዝም። ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ጠበቅኳት። ጀማሪዎች ክፍል ወረወሩኝ።

ክፍሉ ውስጥ ቱርክ፣ ብራዚል፣ ጃፓን፣ ሳዑዲ፣ ጣሊያን። እንግሊዝ የምትባል መምህርቷ ብቻ ናት፣ እሷም ብዙ አታወራም። "ከጎንሽ ካለችው ጋር ተወያዪ" ትላለች። እኔ ጥቁር ሰሌዳና ማስታወሻ ነበር የጠበቅኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ማታ ማታ አለቀስኩ፤ እናቴ ከብት ሸጣ የላከችኝ ከጃፓናዊት ጋር "ቁርስ ምን በላሽ" ለመባባል ነው? እያልኩ።

ብራዚላዊው ልጅ "ዬስተርዴይ አይ ጎ" እያለ ቀኑን ሙሉ ያወራል። እኔ "ዌንት" መሆኑን ስለማውቅ ዝም። በሦስተኛው ወር እሱ ወደ ላይኛው ክፍል አለፈ፣ እኔ እዛው።

ሌላው፣ ፓስፖርት ላይ መጨረሻ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱት በአያቴ ስም ሲጠሩኝ ከረሙ። ለማስረዳት ቃል አጥቼ "አቤት" እያልኩ 5 ሳምንት ኖርኩ። አያቴ ነፍሱን ይማርና ለንደን ገብቶ እንግሊዝኛ ተማረ።

ቶና_ላይ_የመጣ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

ምክሬ አጭር ነው፦ ከሀበሻ ራቂ። እኔ ለኪራይ ይረክሳል ብዬ ከ5 ልጆች ጋር አንድ ቤት ገባሁ፤ አንድ የሸዋ ልጅ፣ የቀሩት ከአስመራ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡናው ፈልቷል፣ ወሬው ደርቷል፣ ማን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል? 9 ወር ኖሬ የተመለስኩት ጥርት ያለ ትግርኛ ይዤ ነው። አባቴ ለእንግሊዝኛ የከፈለውን ገንዘብ እስካሁን አልነገርኩትም።

አምባሰል_ማዶ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:52

ሃሃሃሃ። ትግርኛም ቋንቋ ነው ወንድሜ፣ አልከሰርክም።

የወልድያዋ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:15

እኔ በዚህ አልስማማም። "ከሀበሻ ራቂ" የሚለውን ምክር ሰምቼ ነው ጉድ የሆንኩት።

ተከራይቼ የገባሁት ከአንዲት አሮጊት ዘንድ ነው፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ክፉ አልሠሩብኝም። ራት 12 ሰዓት ላይ እንበላለን፣ ሰሃን ይታጠባል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ዝም። የሚያወራ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ነው ቋንቋ የምትማሪው፤ ዝም ያለ እንግሊዝ ከዝምተኛ ወሎዬ ምንም አይለይም (ዝምተኛ ወሎዬ ካለ ማለቴ ነው)። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በኛ 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከክፍል ስወጣ ጨለማ፣ ቤት ስገባ ጨለማ። አንድ ቀን ባቡር ውስጥ ሳላስበው እንባዬ ሲወርድ አየሁት። ጎኔ ያለው ሰው ጋዜጣውን ከፍ አደረገ፤ እንዳላፍር ነው አሉኝ በኋላ። እኛ ጋ ቢሆን መኪናው ሙሉ "ምን ሆነሽ እናቴ" ብሎ ይጨነቅ ነበር።

ያተረፈኝ የእሑድ ቡና ነው። አንዲት የባቲ ሴት ቤት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ዱዓው ሳይቀር። ከዚያ ቤት ወጥቼ ሰኞ ክፍል ስገባ አፌ ይከፈት ነበር። ሰው ሆዱ ሲሞላ ነው ምላሱ የሚላቀቀው። ሳምንቱን ሙሉ አብረሽ አትዋዪ፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ጨርሰሽ አትቁረጪ።

አንድ የሚያስቅ ልጨምር። ከቤቴ ሥር ያለው ሱቅ ሰውየው በገባሁ ቁጥር "ኦልራይት?" ይለኛል። እኔ ደህና መሆኔን፣ ጉንፋኑ እንደተወኝ፣ እናቴም ደህና መሆኗን እነግረዋለሁ። አንድ ወር ሙሉ! ለካ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አይደለም። "ኦልራይት" ብለሽ ማለፍ ነው። ሲያውቀኝ ግን "እናትሽስ?" ማለት ጀምሮ ነበር።

ጋሽ_መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 1:05

ልጆቼ፣ እኔ ለንደንን አላየሁም። ደሴ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ምናልባት ከእናንተም ያስተማርኩት ይኖራል። ያጠፋሁትን ልናገር።

ሰዋስው አስተማርናችሁ፣ ድምፅ አላስተማርናችሁም። እኛ ቤት መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፤ ስናጠብቀው በዓሉ "ገና" ይሆናል፣ ስናላላው ያልደረሰው "ገና" ይሆናል። እንግሊዝኛው ቃል ውስጥ ይህ የለም። ተማሪው ሁለት ፊደል ተደርቦ ባየ ቁጥር ያጠብቃል፤ "ሐፒ" ሲል ፒውን ይረግጣታል፣ "ሰመር" ሲል ሜሟን ይጫናታል። እነሱ የሚለዩት በአናባቢው ነው፦ መርከቡ አጭር "ሺፕ"፣ በጉ ረጅም "ሺይፕ"። እኛ ለሁለቱም አንድ ድምፅ ሰጥተን መርከቡን ስናግድ እንውላለን። ደግሞ "ስትሪት" ለማለት "እ" እናስቀድማለን፤ "እስትሪት"። አማርኛችን ቃልን በሁለትና በሦስት ተነባቢ ክምር መጀመር አይወድም፣ ጥፋት አይደለም፣ ግን ይታወቅ።

የሚያስደስታችሁ ደግሞ አለ። እንግሊዝኛ ሲነገር በብዛት የሚሰማው ያ ሰነፍ አናባቢ፣ "ኧባውት" ሲሉ መጀመሪያ ላይ ያለው፣ ለኛ እንግዳ አይደለም። "ኧረ!" ስትሉ የምታወጡት ነው ማለት ይቻላል። ጣሊያኑና ጃፓኑ ይቸገሩበታል፣ ለናንተ በነጻ ተሰጥቷችኋል። የኮምቦልቻው ልጄ ሾፌሩን ያልሰማው ቃላቱን አጥቶ አይመስለኝም፤ አራቱም ተጣብቀው እንደ አንድ ቃል ስለመጡበት ነው። ጽሑፍ ላይ ክፍተት አለ፣ አፍ ላይ የለም።

የሐይቅ_ዳር | ማክሰኞ፣ ማታ 1:40

ጋሼ አንቱን ያቆይልን። ይህን ሳልሄድ በፊት የነገረኝ የለም። አንድ ልጠይቅዎት፦ ካፌ ገብቼ "ጊቭ ሚ ቲ፣ ፕሊስ" ስል ለምንድነው የሚኮሳተሩብኝ? "ፕሊስ" ብያለሁ እኮ።

ጋሽ_መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 2:20

ልጄ፣ አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። "ሻይ ይስጡኝ" ስትይ አንቱታው "ይስጡ" ውስጥ ገብቷል። "አምጣልኝ" ስትይ ደግሞ ያቺ "ልኝ" ልመናዋን ጨርሳልሻለች፤ ሌላ ማለዘቢያ አያስፈልግም። ያንን ወደ እንግሊዝኛ ስትወስጂው አንቱታውም ልኝታውም መንገድ ላይ ወድቀው ትእዛዙ ብቻውን ይደርሳል። እነሱ በጥያቄ ነው የሚያለዝቡት፤ "ኩድ አይ ሃቭ ኤ ቲ"። ስድብ አልተናገርሽም፣ አንቱታሽ ሳይሻገር ቀርቶ ነው።

ወገልጤና | ረቡዕ፣ ቀን 8:50

እኔ ደላንታ ነኝ። አፌ የተፈታበትን ቀን በቀኑ አውቀዋለሁ፣ ልጻፈው።

ዘመኑ በነሱ 2018 ነው። መምህራችን ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል ያወጣናል፤ ትላልቆቹ ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ነው፣ ይህን እወቂ፣ ድሃ ተማሪን ያተረፈ ነገር ነው። አንድ ሐሙስ ሳውዝ ኬንሲንግተን ያለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ወሰደን። ሥራው፦ አንድ ዕቃ ምረጥ፣ ከምን እንደተሠራና ማን እንደተጠቀመበት ለጓደኛህ በ2 ደቂቃ አስረዳ። ጃፓናዊቷ ጥንዴ የሻይ ስኒ መረጠች። እኔ ስዞር ስዞር አንድ የወርቅ ዘውድ ፊት ቆምኩ። አጠገቡ የወርቅ ጽዋ አለ። ጽሑፉ ላይ "መቅደላ" ይላል። የዚያን ዓመት 150ኛው ዓመት ስለነበር ለብቻው አውጥተው አሳይተውት ነበር።

ታሪኩን እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ሰብስቦ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወረደ ይባላል። ሐራጁ የወጣው የት ነው? ደላንታ ሜዳ ላይ። አያቴ ከብት ሲጠብቅ ያደገበት አገር። ያ ዕቃ በኛ ደጅ አልፎ ነው እዚህ መስታወት ውስጥ የገባው።

ልጅቷን ጠርቼ ጀመርኩ። 2 ደቂቃ የተባለውን ሩብ ሰዓት አወራሁ። ሁለት፣ ሦስት ሆነው የክፍሉ ልጆች ተሰበሰቡ፣ የማላውቃቸው ጎብኚዎችም ቆሙ። ግሱ ተሰባብሯል፣ "ሂ" እና "ሺ" ተቀላቅሏል፣ ግድ አልሰጠኝም። "ዘይ ቴክ፣ ዘይ ቴክ ኤቭሪቲንግ" እያልኩ ስጮህ መምህሩ ከኋላ ቀስ ብሎ "ሉትድ" አለኝ። "ዘረፉ" ማለት ነው። ደገምኩት፦ "ዘይ ሉትድ።" ከዚያ ቃሉ ራሱ ከሂንዲ የመጣ መሆኑን ነገረን፤ እንግሊዞች ሕንድ አገር ሄደው ያመጡት ነው። ቱርኩ ልጅ ወዲያው "ቃሉንም ዘረፉታ!" ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። መምህሩም ሳቀ፣ እንግሊዝ ሆኖ።

እኔ ሰዋስው ጎድሎኝ አልነበረም። ስለ "የእረፍት ቀንህ እንዴት ነበር" የምለው አልነበረኝም። የሚያንገበግበኝ ነገር ሳገኝ ነው የተናገርኩት።

አምባሰል_ማዶ | ረቡዕ፣ ቀን 9:10

ልቤን ነካኸው። ልዑል ዓለማየሁስ? ዊንድሰር መቃብሩ ጋ ሄድክ?

ወገልጤና | ረቡዕ፣ ቀን 9:30

አልሄድኩም። ቤተ መንግሥቱ መግቢያ ያስከፍላል፣ ያኔ ኪሴ ባዶ ነበር። 18 ዓመቱ ነበር እኮ ሲሞት፣ በ1879 በነሱ። የክፍላችን ጣሊያናዊ እኩያው ነበር፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኝ ነበር። እንግሊዝኛውንስ ከኔ በላይ ይችል ነበር፣ ምን ዋጋ አለው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ደብሊን_ያለሁ | ረቡዕ፣ ማታ 2:00

ሥራ የሚፈቅድ ከፈለግሽ አየርላንድን ጠይቂ። 25 ሳምንት ኮርስ ከፍለሽ የ8 ወር ፈቃድ ይሰጣል፣ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን መንግሥት ባጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በራስሽ ዓይን እዪ። ለኛ ፓስፖርት ቪዛው ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም፤ የባንክ ወረቀቱ ብቻ ያስረጅሻል። የአየርላንዱን አነጋገር ደግሞ ስትሰሚ ለንደን ትናፍቅሻለች።

ሆጤ_ሰፈር | ዓርብ፣ ማታ 3:00

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ትናንት ኤጀንቱ ጋ ሄድኩ። "በዚህ ቪዛ መሥራት ይቻላል የሚል ወረቀት ያሳዩኝ" አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ "ሁሉም እንደዛ ነው የሚሠራው" አለ፣ ቀጥሎ "አንቺ የምትጠራጠሪ ከሆነ ሌላ ሰው ወረፋ ይዟል" ብሎ ስልኩን አነሳ። የመመዝገቢያውን ብር አልመለሰልኝም። ይበላው።

ለአጎቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እኔም እዚህ 14 ዓመት ኖሬ ቪዛውን አላነበብኩትም" አለኝ። ተስማማን፦ አሁን አልሄድም። እዚሁ ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) እዘጋጅና አዲስ አበባ ወርጄ እፈተናለሁ፤ ነጥብ ከመጣ በቀጥታ ማስተርስ አመለክታለሁ፣ ያኔ 20 ሰዓቱም ሕጋዊ ይሆናል። ለእናቴ ስነግራት እቁቡን እንደደረሳት አወቅሁ፤ ዕጣውን ለቀውላት ኖሯል። ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። "አይበላሽም፣ ይቆይሽ" አለችኝ።

አንድ ችግር አለብኝ። ደሴ ውስጥ ከማን ጋር ላውራ?

ኮምቦልቻ_03 | ዓርብ፣ ማታ 3:20

አብሽሪ። የንግግሩ ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ብቻ ነው፣ እኔ በአውቶብሱ ምክንያት በእግሬ የሄድኩትን ሲሶ እንኳ አይሆንም። ውጤቱ 2 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ ለማመልከት ስትደርሺ ተፈተኚ፣ ቀድመሽ አታቃጥይው። ከ6 ወር በላይ ስለምትቆዪ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አለ፣ እሱንም በጊዜው። ስትሄጂ ደግሞ በርበሬና ሽሮ ያዢ፣ ቂቤና ቋንጣ ግን እንዳትሞክሪ፤ የሥጋና የወተት ነገር ከኛ አገር ማስገባት ክልክል ነው። እኔ የእናቴን ቂቤ ኤርፖርት ላይ ሲጥሉት ቆሜ አይቻለሁ።

ጋሽ_መምህር | ዓርብ፣ ማታ 4:00

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት እንገናኝና አንድ ሰዓት በእንግሊዝኛ ብቻ እናውራ። ስለ እረፍት ቀን አንጠይቅም። ስለ እቁብ፣ ስለ ኤጀንት፣ ስለ ሥራ ማጣት እናወራለን፤ ወገልጤና እንዳለው የሚያንገበግበውን። ደሴ ያላችሁ ሁሉ ኑ።

ቶና_ላይ_የመጣ | ዓርብ፣ ማታ 4:12

ጋሼ እኔም እመጣለሁ። አማርኛ የተናገረ የሁሉንም ቡና ይከፍላል። ትግርኛ ግን አይቆጠርብኝም።